መስታወቱ ላይ የትኛው ፓስ ይሰቀል? ከሲያትል ወደ ጫካ ለሚወጡ

ሰኔ ሲገባ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው። «ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ወደ ተራራው ልንወጣ ነው፤ የትኛውን ፓስ ልግዛ?» ፓስ የሚሉት ጫካ ዳር መኪና ለማቆም ወይም ፓርክ ለመግባት የሚገዛውን ካርድ ነው። የሚደውሉልኝ ሬንተንና ኬንት የሚኖሩ ወዳጆቼ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጡ ዘመዶች ናቸው። እኔም መልሴን የምጀምረው በጥያቄ ነው። «የት ነው የምትሄዱት?»

ይህን ጥያቄ መጠየቅ የተማርኩት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን በመጣችበት ሐምሌ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ተጭነን ሊትል ሳይ ወደሚባለው ተራራ ሄድን። መስታወታችን ላይ የዓመቱ ኖርዝዌስት ፎረስት ፓስ ተሰቅሏል። ፓርኪንጉ ሊሞላ ሁለት ቦታ ብቻ ስለቀረው ቶሎ ብዬ አቆምኩ። ልጆቹ የጫማቸውን ክር ሲያስሩ አጠገባችን ያቆመች ሴት ወደ መስታወታችን አየት አደረገችና «ይሄ እዚህ አይሠራም፤ እዚህ የሚፈለገው ዲስከቨር ፓስ ነው» አለችኝ። ቀና ብዬ ሰሌዳውን ሳነበው እውነቷን ነው። ዛፉ ያው ዛፍ፣ ተራራውም ያው ተራራ ነው። መሬቱ ግን የዋሽንግተን ስቴት ነበር፤ የእኔ ፓስ ደግሞ የፌደራል።

እናቴ «ታዲያ ሌላ ቦታ የለም እንዴ?» አለች። ነበር። ወደ ራትልስኔክ ሐይቅ ነዳን። እዚያ ሐይቁ ዳር መኪና ለማቆም ፓስ አይጠየቅም። የሐይቁ ውኃ ጎድሎ ስለነበር ድሮ የተቆረጡ ግዙፍ ጉቶዎች ወጥተው ይታያሉ። እናቴ ከፔርሙዝ የተቀዳላትን ቡና እንደያዘች አንዱን ጉቶ ዞራ አየችው። በእጇ ነካ ነካ አደረገችና «ይሄ ቆሞ ቢሆን ስንት ሰው ተያይዞ ነበር የሚያቅፈው?» አለች። ቀኑ ጥሩ ቀን ሆነ። ግን ሁሉም ሰው እንደዚያች ሴት ዓይነት ሰው አያገኝም። ትክክለኛው ፓስ ሳይኖር ስቴቱ መሬት ላይ ማቆም 99 ዶላር ያስቀጣል። ከቅጣቱ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ፓሱን ገዝታችሁ ማስረጃ ካቀረባችሁ ወደ 59 ይወርዳል።

ስለዚህ ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት መሬቱ የማን እንደሆነ እወቁ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይቀላል።

ባለቤቶቹ እነማን ናቸው?

በሲያትል ዙሪያ የምንሄድበት ጫካ በአብዛኛው ከሦስት እጅ አይወጣም።

አንደኛው ፎረስት ሰርቪስ የሚባለው የፌደራሉ የደን መሥሪያ ቤት ነው። ማውንት ቤከር-ስኖኳልሚ ብሔራዊ ደን፣ ኦካኖገን-ወናቺ፣ ጊፈርድ ፒንቾ የእሱ ናቸው። የእሱ ፓስ ኖርዝዌስት ፎረስት ፓስ ይባላል። ለቀን 5 ዶላር፣ ለዓመት 30 ዶላር ነው። ኦሪገንም ውስጥ ይሠራል።

ሁለተኛው ስቴቱ ነው። ስቴት ፓርኮች፣ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ደኖችና የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ መሬቶች ሁሉም በአንድ ፓስ ይገባሉ፤ እሱም ዲስከቨር ፓስ ነው። ይህ ፓስ የተጀመረው በ2011 የስቴቱ በጀት ሲቀነስ ፓርኮቹ እንዳይዘጉ ነው። ብዙ ዓመት 30 ዶላር ነበር። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ግን የዓመቱ ዋጋ 45 ዶላር ገብቷል። የቀኑ 10 ዶላር ነው። በሱቅ ስትገዙት ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ሊጨመርበት ይችላል።

ሦስተኛው ብሔራዊ ፓርኮች ናቸው፤ ማውንት ሬኒየርና ኦሎምፒክ። እነሱም ፌደራል ናቸው፤ ነገር ግን ከፎረስት ሰርቪስ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት አይደሉም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የ30 ዶላሩ ፎረስት ፓስ የሬኒየርን በር አያስከፍትም። ሬኒየር ለአንድ መኪና 30 ዶላር ያስከፍላል፣ ለሰባት ቀን ይሠራል። የራሱ የዓመት ፓስ ደግሞ 55 ነው። ኦሎምፒክም በዚሁ ዋጋ ነው። ሦስተኛው ብሔራዊ ፓርካችን ኖርዝ ካስኬድስ ግን የመግቢያ ክፍያ የለውም።

አንድ መንገድ፣ ሦስት ባለቤት

ነገሩ በዓይን የሚታየው በአይ-90 ላይ ነው። ከሲያትል ወደ ምሥራቅ እየነዳችሁ ኤግዚቶቹን ልብ በሉ።

ኤግዚት 32 ላይ በግራ ከወጣችሁ ማውንት ሳይና ሊትል ሳይ ናቸው። ስቴት ስለሆነ ዲስከቨር ፓስ። ከዚያው ኤግዚት በቀኝ ከሄዳችሁ ራትልስኔክ ሐይቅ ነው። በእግር ከሐይቁ በላይ ወዳለው ገደል አናት የሚወጣው መንገድ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ነፃ ነው። ጀልባ የሚወርድበት ትንሹ ፓርኪንግ ግን የስቴቱ ስለሆነ ዲስከቨር ፓስ ይፈልጋል። ኤግዚት 34 ላይ ትዊን ፎልስና ሜይልቦክስ ፒክ አሉ፤ አሁንም ዲስከቨር ፓስ ነው።

ከዚያ ተራራው እየጠበበ ሲሄድ ባለቤቱ ይቀየራል። ኤግዚት 45 ለታላፐስ ሐይቅ ነው። ኤግዚት 47 ለፍራንክሊን ፎልስ፣ ለዴኒ ክሪክና ለአኔት ሐይቅ። ኤግዚት 52 ለስኖ ሌክ። እነዚህ ሁሉ ፎረስት ሰርቪስ ናቸው፤ ኖርዝዌስት ፎረስት ፓስ ይፈልጋሉ። ኤግዚት 54 ላይ ሀያክ ስትደርሱ ተመልሶ የስቴቱ ይሆናል። ክረምት ላይ ልጆች በበረዶ የሚንሸራተቱበት ቦታ ይህ ነው። በበረዶ ወራት ደግሞ ዲስከቨር ፓስ ብቻውን አይበቃም፤ ስኖ-ፓርክ የሚባል ሌላ ፈቃድ ይጠየቃል። ዋጋውም ከበጋው የቀን ፓስ በጣም ይበልጣል። ታኅሣሥ ላይ ልጆቹን ጭናችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ይህን ግዙ።

እንግዲህ አስቡት። በግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነፃ ቦታ፣ የስቴት ቦታና የፌደራል ቦታ ተራ በተራ ይመጣሉ። «አንዱን ገዝቼ ልገላገል» የሚለው ሐሳብ ለዚህ ነው የማይሠራው። ሁለቱን መንግሥታት በአንድ ላይ የሚሸፍን ተራ ፓስ የለም።

ስቴት ወይስ ፎረስት ሰርቪስ?

አንዱን ብቻ መግዛት ካለባችሁ የእኔ ምክር ይህ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ፣ ዓመቱን ሙሉ የምትወጡ፣ የባሕር ዳርም ፒክኒክም የምትወዱ ከሆነ ዲስከቨር ፓስ ግዙ። ለሲያትልና ለታኮማ ቅርብ የሆኑት ቦታዎች በብዛት የስቴቱ ናቸው። በሂሳብም አምስት ጊዜ ከሄዳችሁ የዓመቱ ይሻላል። ሌላም ጥቅም አለው። ፓሱ ላይ የሁለት መኪና ታርጋ ይጻፋል። ባልና ሚስት በተለያየ መኪና ለሚነዱበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአንድ ጊዜ ግን ለአንድ መኪና ብቻ ነው የሚሠራው።

ጉልበት ያላችሁ፣ ሐይቅና ከፍታ የምትፈልጉ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ብቻ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ኖርዝዌስት ፎረስት ፓስ ይሻላችኋል። ስድስት ጊዜ ከሄዳችሁ ዋጋውን መለሰ።

በሁለቱ መካከል ብዙ ሰው የማያውቀው ልዩነት አለ። የ2004ቱ የፌደራል ሕግ ፎረስት ሰርቪስ በእንዲህ ዓይነት ቦታ ገንዘብ እንዲያስከፍል ስድስት ነገሮች እንዲኖሩ ያዛል። ፓርኪንግ፣ ሽንት ቤት፣ የቆሻሻ መጣያ፣ የፒክኒክ ጠረጴዛ፣ ስለ ቦታው የሚያስረዳ ሰሌዳና ጥበቃ ናቸው። ስለዚህ በፌደራሉ ደን ውስጥ ምንም ያልተሠራባቸው፣ በጠጠር መንገድ የሚደረስባቸው ብዙ የእግር ጉዞ መነሻዎች ነፃ ናቸው። ስቴቱ ግን እንዲህ አይቆጥርም። ሽንት ቤት ኖረም አልኖረም፣ መሬቱ ላይ መኪና ካቆማችሁ ዲስከቨር ፓስ ይፈልጋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልናገር፤ በተደጋጋሚ ስለሚያጋጥመኝ ነው። የመኪና ታብ (የዓመት ምዝገባውን) ስታሳድሱ «ስቴት ፓርክስ» ተብሎ 5 ዶላር ሒሳቡ ላይ አለ። አልፈልግም ካላላችሁ ይከፈላል። ብዙ ሰው «እኔ ለፓርክ ከፍያለሁ» ብሎ ያለ ፓስ ይሄዳል። ያ 5 ዶላር መዋጮ ነው፤ መልካም መዋጮ ነው፤ ፓስ ግን አይደለም። ዲስከቨር ፓሱን ታብ ስታሳድሱ እዚያው ጨምራችሁ መግዛት ትችላላችሁ፤ እሱን ለይታችሁ ምረጡ።

ገንዘብ ለጠበበበት ቤተሰብ ደግሞ ደስ የሚል ዜና አለ። በዋሽንግተን ብዙ ቤተ መጻሕፍት ዲስከቨር ፓስን እንደ መጽሐፍ ያውሳሉ። አንዳንዱ በቦርሳ ሆኖ ከባይኖኩላርና ከመጽሐፍ ጋር ይሰጣል። በበጋ ወረፋ ስላለው ቀደም ብላችሁ ስማችሁን አስይዙ።

የ80 ዶላሩ መቼ ያዋጣል?

አሜሪካ ዘ ቢዩቲፉል የሚባለው ፓስ የፌደራሉን ሁሉ ይሸፍናል። ብሔራዊ ፓርኮቹንም፣ የፎረስት ሰርቪሱን መነሻዎችም። የዓመቱ 80 ዶላር ነው። ይህን ከያዛችሁ ኖርዝዌስት ፎረስት ፓስ መግዛት አያስፈልግም። የስቴቱን ግን አይሸፍንም። «አሜሪካ» የሚለው ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሬኒየር የምትሄዱ ከሆነ ፎረስት ፓሱ 30፣ የሬኒየር መግቢያ 30፣ በድምሩ 60 ነው። 80 መክፈል አያስፈልግም። ሁለት ጊዜ ከሄዳችሁ 90 ሆነ፤ ያኔ የ80ው ይሻላል። የሬኒየርን የ55 ዶላር ፓስ ከፎረስት ፓሱ ጋር ደርቦ መግዛት ደግሞ 85 ስለሚመጣ አይመከርም። የምትገዙበትንም ቀን ምረጡ። ፓሱ የሚያበቃው ከዓመት በኋላ በተገዛበት ወር መጨረሻ ስለሆነ በወሩ 1 ቀን የገዛ ሰው በ30 ከገዛው ይጠቀማል።

ከጥር 2026 ጀምሮ በዚህ ፓስ ላይ ለውጥ አለ። የ80 ዶላሩ ዋጋ ለአሜሪካ ነዋሪ ነው፤ መታወቂያ ይጠየቃል። ከውጭ ለሚመጣ ጎብኚ 250 ዶላር ሆኗል። ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ ለሁለት ሳምንት ቢመጡ የራሳቸውን ፓስ እንዳትገዙላቸው። ወደ ፎረስት ሰርቪሱ ጫካ ለመውጣት በመኪናችሁ ላይ የተሰቀለው ፓስ በቂ ነው። የ5 ዶላሩ የቀን ፓስ ከየት እንደመጣችሁ አይጠይቅም።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድታውቁት የምፈልገው ይመጣል። ዕድሜያቸው 62 የሞላ ወላጆች አብረዋችሁ ይኖራሉ? ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ካላቸው የዕድሜ ልክ ፓስ በ80 ዶላር ያገኛሉ። አንድ ጊዜ ተከፍሎ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ይሠራል። የዓመቱን ብቻ ከፈለጉ 20 ዶላር ነው። አባባ ወይም እማማ መኪናው ውስጥ ካሉ አብሯቸው ያለው ቤተሰብ ሁሉ በእሳቸው ፓስ ይገባል። እሳቸው ከሌሉ ግን ፓሱ አይሠራም፤ ለልጅ አይተላለፍም። እኔ ይህን ፓስ ከዋጋው ይልቅ በዚህ ጠባዩ እወደዋለሁ። ቤት ውስጥ ተቀምጠው የልጅ ልጅ የሚጠብቁ ስንት እናቶች አሉን! ፓሱ የሚሠራው እሳቸው ሲመጡ ስለሆነ ልጆቹ «እማማ፣ እንሂድ» ይላሉ። በብዙ የፌደራል ካምፕ ቦታዎችም ግማሽ ዋጋ ይቀነስላቸዋል።

ቋሚ የአካል ጉዳት ላለበት ዜጋ ወይም ባለ ግሪን ካርድ ፓሱ ነፃ ነው። ለወታደሮችና ለቀድሞ ወታደሮችም እንዲሁ። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካላችሁ ደግሞ ያን ዓመት የፌደራል ፓስ እንዳትገዙ። ልጁ ኦንላይን ሞልቶ ወረቀቱን ያትማል። ከመስከረም እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቤተሰቡን ሁሉ ፌደራሉ ደን ውስጥ ያስገባል። በዚያው ፓስ የገና ዛፍ የመቁረጫ ፈቃድም በነፃ ይሰጣል፤ የምትከፍሉት የኦንላይኑን ትንሽ ክፍያ ብቻ ነው። ፈረንጆቹ ዛፉን የሚቆርጡት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ለእኛ ታኅሣሥ 29 ገና ድረስ በደንብ ይቆያል።

ፓስ ፈቃድ አይደለም

መስታወት ላይ የሚሰቀለው ነገር የመኪና ማቆሚያ ነው። ጫካው ውስጥ የምትሠሩት ሥራ ሌላ ፈቃድ ሊፈልግ ይችላል። ዛፍ መቁረጥም ሆነ ማገዶ መጫን የራሱ ፈቃድ አለው። እንጉዳይ መልቀምም እንደየደኑ ደንብ አለው። ለደመራ የሚሆን እንጨት ከደኑ ላምጣ ብሎ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ሬንጀር ጣቢያ (የደን ጠባቂዎቹ ቢሮ) ይደውል።

ስኖ ሌክ የአልፓይን ሌክስ ጥብቅ ደን ውስጥ ነው። በበጋ እዚያ ለመግባት የነፃ ፈቃድ ትሞላላችሁ። መነሻው ላይ ትንሽ የእንጨት ሣጥን አለ። ክዳኑን ስትከፍቱ ወረቀትና እርሳስ ታገኛላችሁ። ስም፣ ቀን፣ የሰው ብዛት ትጽፋላችሁ፤ አንዱን ቅጂ እዚያው ትከታላችሁ፣ ሌላውን ቦርሳችሁ ላይ ታስራላችሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዝለሉት ያላችሁን ሰው አትስሙ፤ ሰው ሲጠፋ ያ ወረቀት ለፍለጋ ሊረዳ ይችላል።

የቅዳሜ ሃይኪንግ ቡድኖቻችን ደግሞ ይህን ያዙልኝ። በዚህ ጥብቅ ደን አንድ ቡድን ከ12 ሰው መብለጥ አይችልም። በዋትሳፕ ተጠራርተን 30 ሆነን የምንወጣበት ቀን ስኖ ሌክ አይሆንም። ፍራንክሊን ፎልስ ከጥብቁ ደን ውጭ ስለሆነ ለብዙ ሰው የተሻለ ነው፤ መንገዱም አጭር ስለሆነ ልጅም አረጋዊም ይችለዋል። ብዙ መኪና ይዛችሁ ከሄዳችሁ እያንዳንዱ መኪና ፓስ እንደሚያስፈልገው አትርሱ። ፓርክ ኤንድ ራይድ ላይ ተገናኝቶ በሁለት ቫን መሄድ ገንዘብም ቦታም ይቆጥባል።

ማኅበር፣ ዕድር ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት ብሔራዊ ደን ውስጥ 75 ሰውና ከዚያ በላይ ሆኖ ሊሰበሰብ ከፈለገ የቡድን ፈቃድ ይጠይቃል። ክፍያ የለውም፤ ግን አስቀድሞ ማመልከት ግድ ነው። ከተሳታፊ ገንዘብ ተቀብላችሁ ሰው የምትወስዱ ከሆነ ግን ጉዳዩ ወደ ንግድ ፈቃድ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሥራ የጀመሩ ወጣቶቻችን ስላሉ ነው የማነሳው። ጥሩ ሥራ ነው፤ በደንብ ይሠራ ዘንድ ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት የደኑን ቢሮ አነጋግሩ።

ስትገዙና ስትሰቅሉ

ከቤት ሳትወጡ ግዙ። ተራራው ሥር ብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም፤ «እዚያ ስደርስ ኦንላይን እከፍላለሁ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ተመልሷል። ዲስከቨር ፓስንም ኖርዝዌስት ፎረስት ፓስንም የካምፕና የሃይኪንግ ዕቃ የሚሸጠው አርኢአይ ሱቅ ታገኛላችሁ። የፎረስት ሰርቪሱን ሬንጀር ጣቢያዎችም ይሸጣሉ። ኦንላይን የገዛችሁት የቀን ፓስ ካለ አትሙትና ከፊት መስታወት ሥር ጽሑፉ ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ዲስከቨር ፓስ ላይ ታርጋውን በእስክሪብቶ ጻፉ፤ ባዶውን የተሰቀለ ፓስ አይሠራም።

በየዓመቱ ስቴቱም ፌደራሉም በነፃ የሚያስገቡባቸው ጥቂት ቀኖች አሉ። የአንዱ ነፃ ቀን ለሌላው አይሆንም። የስቴት ፓርኮች ነፃ ቀን ደግሞ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱን ደን አይጨምርም። ስለዚህ በስቴት ፓርኮች ነፃ ቀን ትዊን ፎልስ ነፃ ሲሆን ማውንት ሳይ ላይ ፓስ ያስፈልጋል።

እኛ ቤት አሁን ሁለት ፓስ አለ። ዲስከቨር ፓሱ ላይ የሁለታችን መኪና ታርጋ ተጽፎበታል። የፌደራሉ ደግሞ የባለቤቴ አባት የዕድሜ ልክ ፓስ ነው፤ ካርዱ ከመንጃ ፈቃዳቸው ጋር በኪሳቸው ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ጃኬታቸውን ለብሰው በር ላይ የሚቆሙትም እሳቸው ናቸው።